ከሱሉልታ አንቴና እስከ እጅ ስልክ፦ ከውጭ አገር ዘመድ ጋር መገናኘትና የቤተሰብ አዲስ ኃላፊነት

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ምሽት ሲገባ በብዙ ቤት ተመሳሳይ ነገር ይታያል። አቦል ተጠጥቶ ቶናው ሲጠበቅ አንድ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በስልኩ ላይ የምትታየው ልጅ ሪያድ ወይም ቤይሩት ናት፤ አለዚያም ዋሽንግተን ያለ ወንድም የምሳ ዕረፍቱን ጠብቆ ደውሏል። እናት እንደ ለመዱት ስልኩን ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ፤ ልጃቸው ደግሞ «እማዬ፣ ፊትሽን አሳዪኝ እንጂ» ትላለች።

ይህ ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። ከአንድ ትውልድ በፊት ግን ባሕር ማዶ ያለን ዘመድ ድምፅ መስማት ቀጠሮ፣ ጉዞና ወጪ የሚጠይቅ ጉዳይ ነበር። በዚያን ጊዜ ጥሪውን የሚያገናኘው የስልክ ኦፕሬተር፣ ደብዳቤውን ለባለቤቱ የሚያደርሰው ደግሞ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ዛሬ ሥራው ሁሉ በአንድ ስልክ ውስጥ ተጠቃልሏል፤ ጥንቃቄውም አብሮ ወደ ቤተሰቡ ተዛውሯል። ይህን የተረዳ ቤተሰብ በስልኩ ናፍቆቱን ያቃልላል። ያልተረዳ ግን ያጠራቀመውን ገንዘብ፣ አንዳንድ ጊዜም የልጁን ደኅንነት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

በሱሉልታ በኩል ያለፈው ድምፅ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1880ዎቹ ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የመጀመሪያው ረጅም መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ድምፅን ከአህጉር ወደ አህጉር በጥራት ማሻገር ግን ለረጅም ዘመን አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከሦስቱ ከተሞች በአንዷ በኩል ነው። ከእንጦጦ ተራራ ማዶ፣ በጎጃም መንገድ ላይ በምትገኘው ሱሉልታ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሳተላይት የምድር ጣቢያ ሥራ ጀመረ። የጣቢያው ግዙፍ አንቴናዎች ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖሶች በላይ ካሉ ሳተላይቶች ጋር እየተገናኙ የኢትዮጵያን የስልክ ጥሪ ወደ ሌላው ዓለም ያደርሱ ጀመር።

እንዲህ ያሉ ሳተላይቶች የሚገኙት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ድምፁ ይህን ያህል ወጥቶ እንደገና ይህን ያህል ለመውረድ የሰከንድ ሩብ ያህል ይፈጅበታል፤ መልሱም እንዲሁ። በዚያ ዘመን ከውጭ አገር ጋር የተነጋገሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን ንግግር እየተሻማ ይቸገሩ የነበረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አብዛኛው ቤተሰብ ግን በቤቱ ስልክ አልነበረውም። ደብዳቤ በዘመድ ወይም በመሥሪያ ቤት የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይላካል፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች የጎረቤት ተማሪ ያነብላቸዋል። ሌሎች ደግሞ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው በተጓዥ እጅ ይልካሉ። በካሴቱ ላይ የእናት ምርቃት፣ የሕፃናት ዘፈንና የጎረቤት ሰላምታ ተከታትለው ይሰማሉ። በዛሬ ስልክ የድምፅ መልእክት የሚባለው አገልግሎት ያን ልማድ ቀጥሎበታል፤ ልዩነቱ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በሰከንዶች መተካቱ ነው።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም.፣ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ደግሞ በ1991 ዓ.ም. በአገሪቱ ተጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛው አገልግሎት ሰጪ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉትም በዚሁ በ2015 ዓ.ም. ነው።

ድምፁ ዛሬ በየት በኩል ይሄዳል?

በአሁኑ ወቅት አብዛኛው ዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚካሄደው በሳተላይት ሳይሆን በፋይበር መስመር ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሮቹ በጎረቤት አገሮች፣ በተለይም በጅቡቲና በኬንያ በኩል አልፈው ከባሕር በታች ከተዘረጉ ገመዶች ጋር ይገናኛሉ። ከቡራዩ ወደ ጅዳ የሚደረግ የኢንተርኔት ጥሪ መጀመሪያ በአቅራቢያው ወዳለው የስልክ ማማ ይሄዳል፤ ከዚያም በምድር ውስጥ መስመር ወደ ወደብ፣ ቀጥሎም በባሕር ሥር ገመድ ወደ ማዶ ይሻገራል።

የጥሪ መተግበሪያዎች ድምፁን በጥቃቅን ክፍሎች ቆራርጠው ይልኩና በሌላኛው ጫፍ መልሰው ይገጣጥሙታል። ምሽት ላይ ብዙ ሰው በአንድ ማማ ሲጠቀም አንዳንዶቹ ክፍሎች ይዘገያሉ ወይም ይጠፋሉ። ድምፅ የሚቆራረጠውና ምስል ደርቆ የሚቀረው በዚህ ጊዜ ነው። መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፦ ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መቀጠል፣ ከቤት ወደ ደጅ መውጣት ወይም ጥሪውን ወደ ማለዳ ማዛወር።

የፍጆታውን ልዩነት ማወቅም ወጪን ይቀንሳል። በኢንተርኔት የሚደረግ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ከግማሽ እስከ 1 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፤ የምስል ጥሪ ግን 5 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ለግማሽ ሰዓት በምስል የተነጋገረ ሰው 150 ሜጋባይት ያህል ሲጠቀም፣ በድምፅ ብቻ የተነጋገረው ከ30 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይሄዳል፣ ተቀባዩም በተመቸው ጊዜ ያዳምጠዋል።

ከከተማ ወጣ ብለው ለሚኖሩ አርሶ አደሮች የድምፅ መልእክት ሌላም ጥቅም አለው። በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ለመናገር ፊደል መልቀም አያስፈልግም፤ ማንበብ የማይችሉ አባትም ያለ አንባቢ ከልጃቸው ጋር ምሥጢር ይነጋገራሉ። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ገበያ ቀን የሚጠብቅ ቤተሰብም የሳምንቱን መልእክት በአንድ ጊዜ ተቀብሎ መልስ መስጠት ይችላል።

መተግበሪያ ሲመረጥ

ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ቫይበርና ኢሞ በኢትዮጵያ በሰፊው ከሚታወቁት የመገናኛ መተግበሪያዎች መካከል ናቸው። ኢሞ በደካማ ኔትወርክ ላይም ስለሚሠራ ወደ ዓረብ አገሮች ልጆቻቸውን በላኩ ቤተሰቦች ዘንድ ተወዳጅ ሆኗል። ቴሌግራም ፎቶግራፍ፣ ሰነድና ረዘም ያለ ቪዲዮ ለመላክ ይመቻል።

ምርጫው ግን በኢትዮጵያ በኩል ባለው ፍላጎት ብቻ አይወሰንም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ቢሠራም ቀጥታ ጥሪው ተገድቦ ቆይቷል፤ በዚያ የሚኖሩ ሰዎች እንደ ቦቲም ያሉ የተፈቀዱ መተግበሪያዎችን ይጠቀማሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ በበኩሏ ተመሳሳይ ገደብ ያነሣችው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ከዱባይ ጥሪ አልገባ ሲል ልጅቱ ተቀይማለች ወይም ዘመዶቿን ረስታለች ብሎ መደምደም ስሕተት ሊሆን ይችላል።

አንድ ቤተሰብ ቢያንስ ሁለት መንገዶች እንዲኖሩት ይመከራል፤ አንዱ የዘወትር መተግበሪያ፣ ሌላው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ተራ የስልክ ጥሪ። የተራ ጥሪው ዋጋ ውድ ቢሆንም ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ቀን ብቸኛው መንገድ ሊሆን ይችላል።

የሰዓት ነገር

ኢትዮጵያውያን ሰዓትን ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ «ዐሥር ሰዓት ላይ እደውላለሁ» የሚል መልእክት ብዙ ጊዜ አለመግባባት ይፈጥራል። በአገር ቤት አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት የሚባለው በውጭ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 4 ሰዓት ነው። ቀጠሮ ሲያዝ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌትና ኳታር ከኢትዮጵያ ጋር የሰዓት ልዩነት የላቸውም። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፤ ምክንያቱም አሜሪካውያን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ይለውጣሉ። በሱሉልታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ቀትር ወይም ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት ነው።

ከሰዓቱ በላይ ግን የሥራው ጠባይ ወሳኝ ነው። በቤት ሠራተኝነት የተሰማራች ልጅ ስልኳን በፈለገችው ጊዜ ማንሳት አትችል ይሆናል፤ በረመዳን ወር ደግሞ የሌሊቱ ሥራ ይበዛል። ቤተሰብ ደጋግሞ ቢደውል ከአሠሪዋ ጋር ሊያጋጫት ይችላል። መልእክት ትቶ እርስዋ እስክትደውል መጠበቅ ፍቅርን አይቀንስም።

መርዶ በስልክ

ቴክኖሎጂው በእጅጉ ከነካቸው ልማዶች አንዱ የመርዶ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ባህል መርዶ ለብቻ ላለ ሰው በድንገት አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ብዙውን ጊዜ በማለዳ፣ ሐዘንተኛውን በሚደግፍ ሰው መካከል ይነገራል። ውጭ አገር ላሉትም ቢሆን በዚያው ከተማ የሚኖሩ ወዳጆች ተጠራርተው ወደ ቤቱ በመሄድ የማርዳት ልማድ አለ።

ማኅበራዊ ሚዲያ ይህን ሥርዓት ሊያፈርሰው ይችላል። አባት ባረፉ በሰዓታት ውስጥ አንድ ወጣት ፎቶግራፋቸውን «ነፍስ ይማር» ብሎ በፌስቡክ ይለጥፋል፤ ልጅቱም በሰው ቤት፣ በሰው አገር፣ ለብቻዋ ትረዳለች። ይህ እንዳይሆን የቅርብ ቤተሰብ ውጭ ላሉት ሁሉ መረዳቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ማንም ምንም እንዳይለጥፍ መከልከል ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን ስልኩ ይረዳል። መምጣት ያልቻሉ ልጆች ቀብሩን በቀጥታ ይከታተላሉ፣ በድንኳኑ ውስጥ ካሉት ጋር አብረው ያለቅሳሉ፤ በሠርግም እንዲሁ አብረው እልል ይላሉ።

ከውጭ ወደ አገር ቤት በሚላክ ቪዲዮም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰውን ወይም የሰውን ቤት ያለ ፈቃድ መቅረጽና ማሠራጨት በሕግ ሊያስቀጣ ይችላል። ልጅ ለእናቷ ብቻ ብላ የላከችውን የአሠሪዋን ቤት ምስል ወንድሟ በቲክቶክ ቢለጥፈው ተጠያቂ የምትሆነው እርስዋ ናት።

ገንዘብና የምሥጢር ቁጥር

ግንኙነቱ በናፍቆት ብቻ አይወሰንም፤ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ የማዳበሪያ፣ የትምህርት፣ የሕክምናና የቤት ኪራይ ወጪ ይሸፍናል። ገንዘብ በባንክ ሒሳብ፣ በባንኮች በኩል በሚሠሩ እንደ ዌስተርን ዩኒየንና መኒግራም ባሉ አስተላላፊዎች፣ እንዲሁም በግንቦት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብር መቀበል ይቻላል። በአስተላላፊ የተላከ ገንዘብ የሚወጣው በመታወቂያና በምሥጢር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ለባንክ ሠራተኛው በመስኮት ከመሰጠቱ በቀር ለጎረቤትም ሆነ «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚል ሰው መነገር የለበትም።

ከባንክ ውጭ በግለሰቦች በኩል የሚላከው ገንዘብ በተሻለ ምንዛሬ የሚስብ ቢሆንም ሕገ ወጥ ነው፤ ገንዘቡ ቢጠፋም አቤት የሚባልበት ደረሰኝ የለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ባንኮች የሚሰጡት ዋጋ ከቀድሞው በብዙ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ገንዘብ ከመላኩ በፊት የዕለቱን የባንክ ዋጋ ጠይቆ ማመዛዘን ይበጃል።

የዘመድ ድምፅ የለበሰ ሌባ

ማጭበርበር ከሚፈጸምባቸው የተለመዱ መንገዶች አንዱ የመተግበሪያ ጠለፋ ነው። ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም በአዲስ ስልክ ሲከፈት የማረጋገጫ ቁጥር ይልካል። አጭበርባሪው «በስሕተት ወደ ስልክሽ ቁጥር ገብቷል፤ ላኪልኝ» ይላል። ቁጥሩ ከተላከለት በዚያች ልጅ ስምና ፎቶግራፍ ለዘመዶቿ ሁሉ «ታምሜአለሁ፣ ቶሎ ብር ላኩልኝ» እያለ ይጽፋል። መከላከያው ሁለት ነው። የማረጋገጫ ቁጥርን ለማንም አለመስጠት፣ ቀጥሎም በመተግበሪያው ማስተካከያ ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን መክፈት።

በአሁኑ ጊዜ የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስላለ ድምፅ መስማት ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ቤተሰብ አስቀድሞ አንድ የጥያቄ ምሥጢር ይስማማ፤ ለምሳሌ አያት በልጅነቷ ያወጡላት ስም ምን ነበር? ገንዘብ የጠየቀው ሰው ይህን ካልመለሰ ስልኩን ዘግቶ በሚታወቀው ቁጥር መልሶ መደወል ይገባል።

ከዚህ የከፋው በሕገ ወጥ መንገድ በሊቢያ ወይም በየመን በኩል የሚጓዙ ወጣቶች የሚገጥማቸው ነው። አጋቾች ወጣቶቹን እያሰቃዩ ለወላጆቻቸው ያስደውላሉ፤ ቪዲዮ እየላኩም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ወላጅ በሬ ሸጦ፣ መሬት አከራይቶ ይልካል፤ ጥያቄው ግን በአንድ ክፍያ ላያበቃ ይችላል። በሰው መነገድና ስደተኞችን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ወንጀል ነው። የደወሉበት ቁጥር፣ ድምፁና ገንዘቡ እንዲገባበት የተነገረው ሒሳብ ሁሉ ለፖሊስ ማስረጃ ስለሚሆን መሰረዝ የለበትም።

ስልኩ ዝም ሲል

ለቤተሰብ ከሁሉ የሚከብደው የተቋረጠ ስልክ ነው። ዝምታው ከባትሪና ከዳታ ማለቅ ሊመጣ ይችላል፤ አሠሪ ስልክ ቀምቶም፣ ልጅቱ ታስራ ወይም ታምማም ሊሆን ይችላል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በተመለሱበት ወቅት ብዙ ወላጆች የልጆቻቸውን ወሬ በጭንቀት ይጠባበቁ ነበር።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ ዝግጅቱ ከጉዞው በፊት መሆን አለበት። የፓስፖርትና የሥራ ውል ቅጂ፣ የአሠሪው ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የላካት ኤጀንሲ ስልክ፣ በዚያ አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቁጥር በወረቀት ተጽፈው በቤት ይቀመጡ። በስልክ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ቁጥር ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንዲሁም እንደ ልብ መናገር ካልቻለች የምትጠቀምበት ቃል አስቀድሞ መስማማት ይጠቅማል። «ጥጃዋ ደኅና ናት?» የምትል ጥያቄ ለአሠሪዋ ተራ ወሬ ብትመስልም ለእናትዋ «ችግር ላይ ነኝ» ማለት ልትሆን ትችላለች።

ዝምታው ከተለመደው ጊዜ ካለፈ በመጀመሪያ በዚያው ከተማ ያሉ ጓደኞቿን፣ ቀጥሎ ኤጀንሲውን መጠየቅ ይገባል። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 በሕጋዊ መንገድ በላኳቸው ሠራተኞች ላይ ኤጀንሲዎች ኃላፊነት እንዳለባቸው ይደነግጋል። ቀጥሎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላ አገልግሎት አለ። በጦርነት፣ በስደት ወይም በእስራት የጠፋ ዘመድ ያለው ቤተሰብም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር የሚሰጠውን የተለያዩ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላል። እዚህ ላይ ፎቶግራፍ፣ ሙሉ ስም ከአያት ጋር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተደወለበት ቀንና ቁጥር ትልቅ ዋጋ አላቸው።

በሱሉልታ አንቴና ዘመን ጥሪው ጥቂት፣ ወጪው ብዙ፣ የሚጠብቀውም ሌላ ሰው ነበር። ዛሬ ጥሪው ብዙ ነው፤ ጠባቂውም ቤተሰቡ ራሱ ሆኗል። በቶናው ሰዓት ከሚዞረው ስልክ ጎን፣ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የተጻፉ ጥቂት ቁጥሮችና በቤተሰብ የታወቀች አንዲት የምሥጢር ቃል ቢኖሩ፣ ስልኩ ድንገት ዝም ያለ ቀን ቤተሰቡ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።